የጋረደው የመኝታ ጆንያ

ሱዳን አገር፣ ገዳሪፍ የእህል ገበያ ውስጥ የሰሊጥ ጆንያ አፍ እየሰፋ የሚኖር ጋረደው የሚባል ሰው ነበር። የሐጃ ዙህራን ግቢ ለዓመታት አብረን ተከራይተናል፤ እሱ ከኒም ዛፉ ሥር ያለችውን ጎጆ፣ እኔ ከበሩ አጠገብ ያለችውን። ስለዚህ የምናገረው ከሰው የሰማሁትን ሳይሆን በአብዛኛው በዓይኔ ያየሁትን ነው። ባየሁትም ነገር እስከ ዛሬ እናደዳለሁ።

ጋረደው ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ጠልቼው እገላገል ነበር። ጠባዩ አንድ ነው፤ ይዘጋጃል። ሰው ሁሉ ሥራ ሲገባ እሱ ለመውጣት ይዘጋጃል። ሰው በልቶ ሲነሣ እሱ ገና እጁን እየታጠበ ነው። «ምነው ጋረደው?» ሲሉት «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይላል። ይህን ተረት የተረተው ሰው ጋረደውን አያውቀውም እንጂ ቢያውቀው ኖሮ ምላሱን ይነክስ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ ይህ ጠባይ አንድ ጊዜ ነፍሱን አትርፎለታል። ደርግ ለሚሊሺያ ሰው በሚያፍስበት ዘመን አፋሾቹ ከጭልጋ በታች ባለው ቆላ ወደ እነ ጋረደው መንደር መጡ። ጎረምሳው ሁሉ እግሬ አውጪኝ ብሎ ወደ ወንዙ ጫካ ሮጠ። አፋሾቹ ሞኞች አልነበሩምና ቀድመው ጫካው ውስጥ ተቀምጠው ኖሮ አንድ በአንድ ለቀሙት። ጋረደው በዚያ ሰዓት እቤቱ ነው። ስንቁን በትልቁ አቁማዳ ይዞ ቢሸሽ ይሻላል ወይስ በትንሹ፣ ሲያወጣና ሲያገባ ገና ከደጃፉ አልወጣም። መኪናው ሞልቶ ሄደ። በማግስቱ ጋረደው ተረጋግቶ፣ ትንሹን አቁማዳ መርጦ፣ ገና በቅርቡ ያገባትን ሚስቱን ውዴን «ለአንድ የሰሊጥ ወራት ነው፤ ተመልሼ እወስድሻለሁ» ብሏት ሱዳን ገባ። ከዚያ ወዲህ መዘጋጀት ሰውን የሚያድን መስሎት ቀረ። አንዱ የሰሊጥ ወራት ሌላውን እየወለደ ሄደ፤ እሱም በየዓመቱ «ዘንድሮ እሄዳለሁ» እያለ ይዘጋጅ ነበር።

በአንዱ ዓመት የቅበላ ሳምንት ሙዘይን ወደ ግቢያችን መጣ። ሙዘይን በመተማ በኩል አህዮቹን ጭኖ እየወጣ እየወረደ የሚነግድ፣ በሁለቱም ወገን ካሉት ኬላዎች ጋር ተስማምቶ የሚኖር ሰው ነው። የዚህን አገር ሰው መልእክት ለዚያኛው የሚያደርሰው እሱ ነበር። አህዮቹን ሳያራግፍ ጋረደውን ጠራው።

«ውዴ ልካኛለች» አለው። «ወንድሞቿ ለገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ሊሰጧት ተስማምተዋል። ባልሽ ወይ ሞቷል ወይ ከድቶሻል አሏት። ‹አልሞተ እንደሁ መጥቶ ይውሰደኝ› ብላለች።»

«ሠርጉ መቸ ነው?» አለ ጋረደው።

«ዳግማይ ትንሣኤ ሲያልፍ።»

ግቢው ውስጥ ያለነው ሁሉ ደነገጥን። ጋረደው ግን እፎይ አለ። «እሰይ! ሁዳዴ መሀል ላይ አለ» አለ። «በጾም ሠርግ የለ፤ ማን ይነካታል!» ሁዳዴን ለሚስቱ ዘበኛ አድርጎ ቀጠረና መዘጋጀት ጀመረ።

መንገዱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ኬላውን ሸሽቶ በጫካ በጫካ ለሚሄድ፣ ደህና እግር ካለው የሳምንት መንገድ ነው። ሰው ጋቢውን ተከናንቦ፣ ስንቁን አንጠልጥሎ፣ ዛፍ ሥር እያደረ ይሄደዋል። ጋረደው ግን አንድ ሰሞን ሾዋክ ወርዶ በእርዳታ እህል መጋዘን ተሸካሚ ሆኖ ነበርና እዚያ አንድ ፈረንጅ አይቶ መጥቷል።

«ኸዋጃው ኮ ከረጢት ውስጥ ገብቶ ነው የሚተኛ» ይለኛል፤ ዓይኑ እየበራ። «ሲነሣ ጠቅልሎ ብብቱ ሥር ይሸጉጣታል። ቤቱን ተሸክሞ አይከብደው! እኔም እንደዚያ ያለ እሰፋለሁ። ጆንያ መስፋት ለኔ ምን አለኝ?»

«ጋቢህስ?»

«ጋቢ ይከብዳል። ቆላው ጊንጥ ነው፣ ደጋው ውርጭ ነው። መንገድ ላይ ሰው የሚሞት በሸክምና በጊንጥ ነው።»

«አባትህ በምን ይሄዱ ነበር?» አልሁት።

«አባቴማ ሞቱ» አለኝ፤ ጋቢው የገደላቸው ይመስል።

ጨርቁን ፍለጋ ሱቁ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ ወደሚሰፋው ወደ ሽማግሌው ሱሩር ይዞኝ ሄደ። ሱቁ ያለውን ጨርቅ ሁሉ አስወርዶ በእጁ መዘነ። አቡጀዲው ከበደው። ፖፕሊኑ ከበደው። በመጨረሻ ሱዳኖች የሚጠመጥሙትን፣ እፍ ቢሉት የሚሄደውን ስስ ነጭ ሻሽ ሲይዝ ፊቱ ፈካ።

ሱሩር መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ። «ያ ጋረደው፣ ይኸ የጥምጥም ጨርቅ ነው። ሰው ውስጡ አይተኛም። ማለቴ ይተኛል፤ ግን አይነሣም።»

«እንዴት?»

«አባቶቻችን መንገድ ሲሄዱ ጥምጥማቸውን ያስረዝሙ ነበር። ለምን? መንገድ ላይ ቢሞቱ ከፈን ይሆናቸዋል፤ ይገነዙበታል። አንተ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልለህ ሜዳ ላይ ብትጋደም ያየህ ሰው ምን ይላል? ወላሂ እንቀባው። ሰማያዊ ይሁን።»

«ቀለም ይከብዳል» አለ ጋረደው።

ሱሩር እኔን አየኝ። እኔም መሬት መሬት አየሁ። ሽማግሌው ጨርቁን ቀደደለትና «በል አምጣ፣ በመኪና ሰፍቼ አሁኑኑ ልስጥህ፤ ሻይ ሳይበርድ ያልቃል» አለው። ጋረደው እንቢ አለ። መኪና ከላይና ከታች ሁለት ክር ነው የሚሰፋው፤ እጅ በአንድ ክር ይበቃዋል፤ ስለዚህ የእጅ ስፌት ይቀላል። ይህን ሲያስረዳ ሱሩር መነጽሩን መልሶ ዓይኑ ላይ አደረገና ሌላ ሥራ ያዘ።

ከዚያ ወዲያ ጋረደው ከገበያ ሲመለስ ኒሙ ሥር ይቀመጥና ይሰፋል። መጀመሪያ መሬት ላይ በጀርባው ተጋድሞ ሐጃ ዙህራን በከሰል ዙሪያውን አሰመራቸው፤ ልኩን ለማወቅ ነው። አንዴ ሰፋ ብሎ ታየውና እጁን ከጎኑ አጣብቆ እንደገና አሰመራቸው። ሐጃ፣ ደግ ሴት ናቸው፣ ከሰሉን ወርውረው «ሚስትህ በሌላ ሰው ቤት ጎመን ትቀቅላለች፤ አንተ እዚህ እንደ ዓሣ ተዘርጋ!» አሉት። እሱ ሳቀ። የጨርቁን ጠርዝ አንዴ አጠፈ፣ በላዩ ደግሞ አጠፈ፣ በመሀሉ እንደ ጉንዳን ጉዞ ቀጭን ስፌት ሰደደበት። አንድ ስንዝር ሲጨርስ ይፈታዋል። ደግሞ ይሰፋዋል። ስፌቱ ያምር ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም። ጎኑ ተሰፍቶ ሲያልቅ ወስዶ የሰሊጡ ሚዛን ላይ ጣለው። ሚዛኑ ንቅንቅ አላለም። እየሮጠ መጥቶ «አላወቀውም! ሚዛኑ አላወቀውም!» ብሎ ግቢውን አደበላለቀው። ጋረደው ሲሮጥ ያየነው ያን ቀን ነው።

ግቢያችን ውስጥ ታምሬ የሚባል የቀድሞ ተማሪ አለ። ታምሬ የአንድ ድርጅት አባል ነበር፤ ድርጅቱ ለሁለት ተከፈለ፤ ግማሹም ደግሞ ተከፈለ፤ አሁን በእሱ በኩል የቀሩት እሱና አንድ ሌላ ሰው ሲሆኑ እነሱም አይነጋገሩም። ጆንያውን አገላብጦ አየውና ትችት አቀረበ።

«ይኸ የግለኝነት ውጤት ነው» አለ። «ጭቁኑ ሕዝብ በባዶ መሬት ተኝቶ እያለ አንተ ብቻህን ከረጢት ውስጥ መግባትህ ከብዙኃኑ መነጠል ነው። ንዑስ ከበርቴያዊ እንቅልፍ ይባላል።»

«ቀላል ኮ ነው» አለ ጋረደው።

ታምሬ በሁለት ጣቱ አነሣው። ጥቂት አሰበ። «ለእኔም አንድ ብትሰፋልኝ ግን» አለ፣ «ለጥናት ያህል።»

የጾሙ እኩሌታ፣ ደብረ ዘይት ሲያልፍ ሙዘይን ለመሄድ አህዮቹን ጫነ። «ምን ልበላት?» ብሎ ጋረደውን ጠየቀው።

«እየተዘጋጀሁ ነው በላት።»

«እሱንማ አምናም ታቻምናም ብያታለሁ። ምን እያዘጋጀ ነው ብትለኝስ?»

«የመኝታ ጆንያ እየሰፋ ነው በላት። ሚዛን አያውቀውም በላት።»

ሙዘይን ብዙ መልእክት ያመላለሰ ሰው ነው፤ የሞት መርዶ ሳይቀር። እንዲህ ያለውን ግን ተሸክሞ እንደማያውቅ ከፊቱ ያስታውቅ ነበር። አህዮቹን ነዳና ሄደ።

እኔ በዚያን ጊዜ ጆንያው አለቀ፣ ጋረደው ይሄዳል ብዬ ነበር። ጤዛን ረስቼ። ጤዛ ከሥር እንዳይገባ ጋረደው የጆንያውን ጀርባ የሰሊጥ ዘይት ቀባው። የገዳሪፍ ጉንዳን ይህን የመሰለ ጠበል ጠዲቅ አይቶ አያውቅም። ጠዋት ስንነሣ ነጩ ጆንያ ጠቁሯል። አጠበው። ዘይቱ አልለቅም አለ፤ ደግሞ አጠበው። ሐጃ ዙህራ የሳሙናቸውን ማለቅ እያዩ አላህን ትዕግሥት ለመኑ።

ሲደርቅ ደግሞ «ሳይሞከር መንገድ አይወጣም» አለና አንድ አመሻሽ ላይ ጆንያውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ በዶካ መንገድ ከከተማው ወጣ። ከዚህ በኋላ ያለውን የነገሩኝ እሱም፣ እዚያ የነበሩትም ሰዎች ናቸው፤ ወሬው አንድ ነው።

ከመንገዱ ዳር ማሽላ የታጨደበት መሬት ላይ ዘርግቶ ገባ። ከገባ በኋላ ጊንጥ ትዝ አለው። የጆንያው አፍ ክፍት ነው። መቼም ሥራው የጆንያ አፍ መስፋት ነውና መርፌና ሲባጎ ከኪሱ አይጠፋም፤ እጁን ከራሱ በላይ ሰቅሎ፣ ከውስጥ ሆኖ አፉን ግጥም አድርጎ ሰፋውና እጁን እየታገለ ወደ ጎኑ መለሰ። አሰፋፉን ለማያውቅ ልንገር። ከገዳሪፍ የሚጫን ሰሊጥ መንገድ ላይ በእፍኝ እየተዘገነ እንዳያልቅ፣ አፉን የሚሰፋው ሰው የመጨረሻውን ቋጠሮ ሲቋጥር ስቦ ጨርቁ መሀል ይቀብረዋል። በቢላዋ ካልተቀደደ በቀር ማንም አይፈታውም፤ የሰፋውም ሰው ቢሆን። የጋረደው እጅ በቀን ያንን ሲቋጥር ይውላል፤ ሌላ ቋጠሮ አያውቅም። ቢላዋውን እንዳይወጋው ብሎ ከጫማው ጋር ውጭ አስቀምጦታል። እሱ ይህን ሳያስበው ተኛ፤ እንቅልፉ ደግሞ እንደ ዝግጅቱ ነው፣ አይቸኩልም።

ጎህ ሲቀድ ሱሩር ከተናገረው በላይ ሆነ። ወደ ገበያ የሚወርዱ የአካባቢው ገበሬዎች በነጭ ጨርቅ ተገንዞ፣ ራሱ ላይ ሳይቀር ተሰፍቶ፣ ጫማው ከጎኑ የተቀመጠ መንገደኛ አገኙ። አንዱ ሽማግሌ «ኢና ሊላሂ» አሉ። ወገኖቹ ገንዘውት፣ መቅበሪያ ጊዜ አጥተው ጥለውት የሄዱ ምስኪን መሰላቸው። እንዲህ ያለ ሬሳ ያገኘ ሰው አልፎ አይሄድም፤ ይቀብራል። አህዮቻቸውን አቆሙ። ጎረምሶቹ መቆፈሪያ አንሥተው ጉድጓዱን መቆፈር ጀመሩ፤ ሽማግሌው ከፊት፣ ሌሎቹ ከኋላ ለሬሳው ሊሰግዱ ተሰልፈው ቆሙ። «አላሁ አክበር» ሲባል ጋረደው ነቃ።

ነቅቶ ለመነሣት ሞከረ፤ አልተቻለም። እጁን ለማውጣት ሞከረ፤ ልኩ ነው፣ ቦታ የለም። መቆፈሪያው ሲቆፍር ይሰማል። ጮኸ። ሌላ ሰው እንዲህ ባለ ሰዓት «አልሞትሁም!» ይላል። ጋረደው ግን «ክርስቲያን ነኝ! ክርስቲያን ነኝ!» ብሎ ጮኸ።

ሰልፉ ተበተነ። አህዮቹም አብረው ሮጡ። የቀሩት ሽማግሌው ብቻ ናቸው፤ መሮጥ አልቻሉም ነበርና ቢስሚላሂ ብለው ቢላዋቸውን መዝዘው የጆንያውን አፍ ቀደዱለት። ከዚያማ ሁሉም ተመለሱ፤ አለቀሱ፣ ሳቁ፣ ወተት አጠጡት፣ አንዱ አህያው ላይ አድርጎ ከተማ አስገባው።

እኔ ይህን ስሰማ ከሁሉ ጋር ስቄያለሁ። ማታ ግን ንዴት እንቅልፍ ነሣኝ። ስሙን የማያውቁትን ሰው ሬሳ ለመቅበር ገበያቸውን የተዉ ሰዎች አሉ። ይህ ደግሞ የገዛ ሚስቱ ውሰደኝ ብላ ልካበት ኒም ሥር ተቀምጦ ክር ይመርጣል። በማግስቱ ከተማው ሁሉ «አልዓዛር» እያለ ሲጠራው እሱ በስሙ አልተቆጣም፤ የተቀደደው የጆንያ አፍ ነው ያናደደው። ሙሉ ስፌቱን ፈትቶ እንደገና ሰፋው። አሁን ከውስጥ የሚቆለፍ ቁልፍ ያስፈልገዋል፤ የአጥንት ቁልፍ ይከብዳል፤ የዱባ ፍሬ የሚያህል የእንጨት ቁልፍ መቅረጽ ጀመረ።

በሆሣዕና ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አላስቻለኝም። «ጋረደው፣ ዘበኛህ ሊያልቅ ነው» አልሁት። «ጾሙ ሳምንት ቀረው። ዛሬ ብትነሣ ለፋሲካ ትደርሳለህ። በነጠላህ ሂድ! ራቁትህን ሂድ!»

«ቁልፉ ብቻ ነው የቀረኝ» አለኝ፤ ያውም በጨዋ አነጋገር። ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው ብዬ ተውሁት።

በሕማማቱ መሀል፣ ፀሐይዋ ዘንበል ስትል፣ የሙዘይን አህዮች በሩ ላይ ቆሙ። ከአህዮቹ ኋላ አንዲት ሴት ቆማለች። ነጠላዋ የአቧራ ቀለም ሆኗል። ወገቧ ላይ ቅል አስራለች፤ ሌላ ምንም አልያዘችም። እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ተሰነጣጥቋል። ግቢውን በዓይኗ ዞረችና ኒሙ ሥር ስትደርስ ቆመች።

ጋረደው ተነሥቶ ቆመ። «ውዴ» አለ። ሊያቅፋት ሄደና መሀል ላይ ቆመ። ሕማማት ነው፤ በሕማማት መሳሳም የለም፣ እጅ መጨባበጥም የለም። ሁለት እጁ አየር ላይ ቀረ። ሰው ያን ያህል ዓመት ተለያይቶ ሲገናኝ የሚያደርገው ነገር ሁሉ ተከልክሏልና ምን እንደሚያደርግ ጠፋው።

ሙዘይን ጭነቱን እያራገፈ ለእኔ ቀስ ብሎ ነገረኝ። «ስለ ጆንያው ነገርኋት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ሲያልቅ ‹አህዮችህ መቸ ይነሣሉ?› አለችኝ።» መንገዱን ሁሉ ከአህዮቹ ኋላ ነው የመጣችው፤ ዛፍ ሥር፣ ነጠላዋን ተከናንባ እያደረች። ጊንጡም ውርጩም አላገኛት እንደሆነ ጠየቅሁት። «አግኝቷታል» አለኝ።

ሐጃ ዙህራ አንገረብ የሚሉትን የገመድ አልጋ አወጡላት፣ ውኃ ሰጧት። ጠጣች። ጋረደው አሁንም ቆሟል። በመጨረሻ እጁ የሚይዘው ነገር አገኘ፤ ጆንያውን አነሣና ዘረጋላት።

«እየውልሽ! ይኸንን ነው ስሠራ የከረምሁ። ጎኑን እይው፤ ድርብ እጥፍ ነው። በእጄ ነው። ሚዛን አያውቀውም! አፉ ብቻ ነበር የቀረኝ፤ ሐሙስ ልነሣ ነበር።»

ውዴ ጨርቁን ጭኗ ላይ ተቀበለችው። ስፌቱን በጥፍሯ ጫፍ ከላይ እስከ ታች ተከተለችው። «ያምራል» አለች። ጋረደው ፊቱ በራ። እጇን ወደ ውስጥ አስገባች። መዳፏን ዘርግታ ስፋቱን ለካች፤ ከጎን ወደ ጎን አንድ ትከሻ ነው።

«እኔን ለማምጣት ነው የሰፋኸው?» አለችው።

«ታዲያ ለማን ብየ ነው! ላንች ነው እንጅ!»

«ስንመለስ እኔ የት ነበር የምተኛው?»

ታምሬ ቀና ብሎ የኒሙን ቅጠል አየ። ሙዘይን የፈታውን ገመድ መልሶ ማሰር ጀመረ። ጋረደው ጆንያውን አየ። እሷን አየ። እኔ እንደ ልማዱ መልስ እያዘጋጀ መስሎኝ ነበር፤ አልነበረም። ይህን ያህል ጊዜ ሲለካ፣ ሲያጠብ፣ ሲፈታ፣ ሲመዝን የመመለሻው መንገድ አንድ ቀን እንኳ በልቡ አላለፈም። ነገሩ ሲገባው ከፊቱ ላይ አየሁት፤ ያን ጊዜ ንዴቴ ሁሉ ጥሎኝ ሄዶ አሳዘነኝ።

«አላሰብሁትም» አለ።

«አውቄው ነው የመጣሁ» አለች። አልተቆጣችም። ሊቀ መንበሩንም፣ ወንድሞቿንም፣ መንገዱንም አላነሣችም። ጆንያውን አጣጥፋ ከጎኗ አስቀመጠችው።

ጋረደው መሬት ላይ ተንበረከከ። እግሯን አንሥቶ ጭኑ ላይ አደረገው። ተረከዟ ውስጥ የተሰበረ የግራር እሾህ አለ፤ ከሥሩ አብጧል። ከኮሌታው ላይ መርፌውን ነቀለና ወዲያውኑ እሾሁን ከሥሩ መፈልፈል ጀመረ። እንባው በአፍንጫው እየወረደ እግሯ ላይ ይንጠባጠባል። እጁ ግን ይፈጥን ነበር፤ ሕይወቱን ሙሉ ያቆየውን ጥድፊያ ሁሉ በአንድ ጊዜ ያወጣው ይመስላል።

ውዴ ጥርሷን ነከሰች። ከዚያ ትከሻውን ያዘችው።

«ኧረ ቀስ በል» አለችው።